ብሥራተ ወንጌል የት ገባ? የአንባቢያን የሬዲዮ ጥያቄዎች

ባለፈው እትም ስለ ድሮ ሬዲዮ እግረ መንገዴን ሁለት መስመር ጣል ባደርግ ጥያቄው ጎረፈ። ስለ ስልክና ስለ ኢንተርኔት ስጽፍ እንዲህ አልጻፋችሁልኝም! ሁሉንም ማስተናገድ ስለማይቻል የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ ስድስቱን መርጫለሁ። ስለ ዘፋኞች የጠየቃችሁ ትንሽ ታገሡኝ፣ ይሄ ወር የጣቢያዎቹ ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሰበታ ነው የምኖረው፣ ዕድሜዬም ወደ 70 እየተጠጋ ነው። ልጅ ሳለሁ አባቴ ማታ ማታ «ብሥራተ ወንጌል» የሚባል ሬዲዮ ይከፍት ነበር። ይህን ሳወራ የልጅ ልጆቼ «እንዲህ የሚባል ጣቢያ የለም» እያሉ ይስቁብኛል። ተዘግቶ ነው? ስሙን ለውጦ ነው? አሁንስ የማን ነው?

መልስ፦ አባባ፣ ልጆቹን አይቆጧቸው። እነሱም እውነታቸውን ነው፣ እርስዎም እውነትዎን ነው። በዚያ ስም የሚጠራ ጣቢያ ዛሬ የለም። ማሰራጫው የተተከለው ግን ከእርስዎ ብዙም ሳይርቅ፣ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ ገጃ ዴራ ላይ ነው። ስሙ ሄደ፣ ቦታው ቀረ።

ከሥሩ ልጀምርልዎ። ጣቢያውን ያቋቋመው የሉተራን ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ነው። ፈቃዱን ከአፄ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት አግኝቶ ሥራ የጀመረው የካቲት 19 ቀን 1955 ዓ.ም. ሲሆን መርቀው የከፈቱትም ንጉሡ ራሳቸው ናቸው። እያንዳንዳቸው 100 ኪሎዋት ጉልበት ያላቸው ሁለት የአጭር ሞገድ ማሰራጫዎች ነበሩት። ለጊዜው ይሄ ቀልድ አልነበረም። የታሰበውም ለአዲስ አበባ ሰው ብቻ አይደለም፣ ለአፍሪካ፣ ለመካከለኛው ምሥራቅና ለእስያ ነው። አማርኛ አለ፣ እንግሊዝኛ አለ፣ አረብኛ፣ ስዋሂሊ፣ ሂንዲ፣ ማላጋሲ... ቋንቋው ከደርዘን ያልፍ ነበር።

እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ግን የቴፑ ጉዞ ነው። በየአገሩ ትንንሽ ስቱዲዮዎች ነበሯቸው፤ ታንዛኒያ ውስጥ ሞሺ ላይ፣ ካሜሩን ውስጥ ንጋውንዴሬ ላይ፣ ማዳጋስካር ውስጥ አንትሲራቤ ላይ። ፕሮግራሙ እዚያ ይቀረጽና ቴፑ ተጠቅልሎና ታሽጎ ወደ አዲስ አበባ ይላካል። እዚህ ደርሶ ከማሽን ላይ ይሰቀላል፣ በገጃ አንቴና ይለቀቃል፣ ከዚያ ተመልሶ የመጣበት አገር ይሰማል። አስቡት፣ ሰውዬው አንትሲራቤ ላይ ተቀምጦ የተናገረውን ጎረቤቱ የሚሰማው ድምፁ አዲስ አበባ ደርሶ ሲመለስ ነው! የአማርኛውን የሚያዘጋጀው ክፍል ደግሞ «የምሥራች ድምፅ» ይባል ነበር፤ ይህ ስም እስከ ዛሬ በመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን የኮሙኒኬሽን ክፍል ላይ አለ።

ስሙን ሰምቶ «ከጠዋት እስከ ማታ ስብከት ነበር» ብሎ የሚያስብ ብዙ ነው። አልነበረም። ከአየር ሰዓቱ ለስብከቱ የተመደበው 30 በመቶ ያህል ነው፤ የቀረው 70 በመቶ ዜና፣ ትምህርት፣ ጤና፣ ባህልና ሙዚቃ ነበር። የራሱ የዜና ክፍል ስለነበረው ከመንግሥት ሬዲዮ ሌላ ወሬ የፈለገ ሰው ሃይማኖቱ ምንም ይሁን ምን መርፌውን ወደዚያ ያዞር ነበር። አባትዎም ማታ ማታ የሚከፍቱት ለዜናው ሊሆን ይችላል፤ እኔ እንጃ፣ እርስዎ ያውቁታል።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። ደርግ የገጠሩን መሬት የወረሰው በየካቲት 1967 ነው፣ ትርፍ ቤቱን በሐምሌ 1967። ጣቢያው ግን እስከ መጋቢት 3 ቀን 1969 ዓ.ም. ቆየ። በዚያ ቀን ተወረሰና «የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ» ተባለ። ለምን ያን ያህል ቆየ፣ ለምንስ በዚያ ሰሞን ተወሰደ ካሉኝ የራሴን ግምት ልስጥዎ። ኮሎኔል መንግሥቱ ተቀናቃኞቻቸውን አስወግደው ሥልጣኑን ጠቅልለው የያዙት ጥር 26 ቀን 1969 ነው፤ ከዚያ ጣቢያው እስከተወረሰበት ቀን ሁለት ወር እንኳ አይሞላም። በምሥራቅ በኩል ደግሞ ከሶማሊያ ጋር ነገሩ እየከረረ ነበር። እንዲህ ባለ ሰዓት አህጉር የሚያቋርጥ ማሰራጫ በሌላ ሰው እጅ ደጅህ ላይ ተተክሎ ዝም ብሎ የሚያይ ወታደራዊ መንግሥት አላውቅም።

በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ደግሞ «አብዮታዊት» የሚለው ቃል ተፋቀ፣ ማሰራጫው ግን የመንግሥት እንደሆነ ቀረ፤ የኢትዮጵያ ሬዲዮ ይጠቀምበት ጀመር። ያን ጊዜ የኢትዮጵያ ሬዲዮ ራሱም ከስም ስም ሲዞር ነው የኖረው። በ1987 ከቴሌቪዥኑ ጋር አንድ ድርጅት ሆነ፣ በ2006 ደግሞ የኢትዮጵያ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽን ተባለ፣ ዛሬ ሁላችንም «ኢቢሲ» የምንለው።

አንድ ነገር ልጨምርልዎ፣ ለልጅ ልጆችዎ ይንገሯቸው። ከ1955 እስከ 1969 ስንት ዓመት ነው? 14። ከ1969 እስከ 1983ስ? እሱም 14። የቤተ ክርስቲያኑም የአብዮቱም ዘመን በዚያ ጣቢያ ላይ እኩል ነበር። ወረቀት ላይ ደምሬ ሳገኘው እኔም ደንግጫለሁ።

ጥያቄ፦ እኔ የምልህ፣ ትናንት ስለ ወንጌል ሲያወራ ያደረ ጣቢያ በማግስቱ ስለ ማርክስ ማውራት እንዴት ይችላል? ሠራተኛውስ ምን ሆነ? ማርሹን ብቻ ነው ያጫወቱት ወይስ ሌላም ነገር ነበረው? (የጋዜጠኝነት ተማሪ ነኝ፣ ለወረቀቴ ነው፣ እባክህ ቶሎ!)

መልስ፦ ለወረቀትህ ከሆነ መጀመሪያ ይቺን ያዝ፤ የ100 ኪሎዋት ማሽን በመፈክር አይሠራም። ጣቢያ ሲወረስ ኃላፊው ይቀየራል፣ ጽሑፉን የሚያየው ሰው ይቀየራል፣ የውጭ አገር ሰዎቹ ሻንጣቸውን ይሸክፋሉ። ማሰራጫው ሲግል ምን እንደሚደረግ የሚያውቅ፣ የቱ ፊውዝ ቶሎ እንደሚቃጠል የለመደ ቴክኒሺያን ግን በየትኛውም መንግሥት ይፈለጋል። አንባቢውም እንደዚያው ነው፤ የተገራ ድምፅ በአንድ ሌሊት አይገኝም። ትናንት «ወንድሞችና እኅቶች» ያለ ጉሮሮ ዛሬ «ጓዶች» ይላል። ይሄን እንደ ክህደት የሚያዩ አሉ፣ እኔ እንጀራ ነው የምለው።

ማርሽ ብቻ አልነበረም። መፈክሩ፣ የርዕዮተ ዓለም ትምህርቱ፣ ረጃጅም ንግግሮቹ ነበሩ፣ አዎ። ነገር ግን ማሰራጫው ሩቅ ስለሚደርስ የደቡብ አፍሪካ ነፃ አውጪዎችም ተጠቅመውበታል። የአፍሪካ ብሔራዊ ኮንግረስ (ኤኤንሲ) «ሬዲዮ ፍሪደም» የሚተላለፈው ከሉሳካና ከዳሬሰላም ብቻ አልነበረም፣ ከአዲስ አበባም ነበር። እንግዲህ ልብ በል፤ ለማላጋሲና ለስዋሂሊ ስብከት ተብሎ የተተከለ አንቴና ወደዚያው ወደ ደቡብ እየጮኸ የአፓርታይድ ጠላት ሆነ። የጣቢያው ባለቤት ተለወጠ፣ የሚያሰማው ተለወጠ፤ የአንቴናው አቅጣጫ ግን ያው ነው። እኔ ብሆን ወረቀቴን ከዚህ ነበር የምጀምረው።

የራሴ ትዝታ ከፈለግህ፣ ለወረቀትህ ባይሆንም፦ የእኛ ቤት ሬዲዮ ባለ ስድስት ድንጋይ ነበር። ድንጋዩ ሲደክም የአንባቢው ድምፅ እየወፈረና እየተጎተተ ይሄዳል፣ ንግግሩ የሚያልቅም አይመስልም። አባቴ ያኔ ድንጋዮቹን አውጥቶ ቆርቆሮ ላይ ፀሐይ ያሰጣቸዋል። ቀን ሙሉ ከዶሮ የምንጠብቀው እኛ ነን። ማታ ሲገቡ ለአንድ ሰዓት ያህል ነፍስ ይዘራል፣ እሱም ለዜና ብቻ ይቆጠባል። ማርሹ ሲጀምር አባቴ ጠቅ አድርጎ ያጠፋዋል። ፖለቲካ አልነበረም፣ ቁጠባ ነው። ጎረቤት ግን ፖለቲካ መስሎት አንድ ሰሞን ሲርቀን ነበር።

ጥያቄ፦ ንፋስ ስልክ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። ሰፈራችን ስሙን ያገኘው ከሬዲዮ ነው የሚባለው እውነት ነው ወይስ የሰፈር ወሬ?

መልስ፦ እውነት ነው እኅቴ፣ ኩሪ። ያለ ሽቦ፣ በነፋስ የሚሄድ ስልክ ማለት ነው። ከሬዲዮ በፊት ሰው የሚያውቀው በእንጨት ምሰሶና በሽቦ የሚሄደውን ስልክ ነበር። ሽቦ የሌለው ሲመጣ ምን ይበሉት? ነፋሱ ነው የሚወስደው አሉ። እንዲህ ያለ ስም ኮሚቴ ተቀምጦ አያወጣውም።

ሬዲዮ ካነሣን፣ በዚያው በከተማው ደቡብ ያለው የአቃቂ ሬዲዮ ጣቢያ የተሠራው ከጣሊያን ወረራ በፊት ነው፤ የሚገርመው ደግሞ ግንባታው ላይ የነበረው ኩባንያ የጣሊያን መሆኑ። በመስከረም 1928 ዓ.ም.፣ ጦርነቱ ሊጀምር ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ ንጉሡ በሬዲዮ ለአሜሪካ ሕዝብ ንግግር ያሰሙት ከዚያው ከአቃቂ ነው። ከዚያ ወረራው መጣ፣ ጣቢያው ከንጉሡ እጅ ወጣ፤ ከ1933 ነፃነት በኋላ ደግሞ ሬዲዮው እንደገና የኢትዮጵያ መንግሥት ሆነ። የመጀመሪያው የባለቤት ለውጥ እንግዲህ ከብሥራተ ወንጌል በብዙ ይቀድማል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ በ90.7 ላይ ዛሚ ነበር የምሰማው። አሁን እዚያው ቁጥር ላይ አዋሽ ነው የሚለኝ። ቁጥሩ ይሸጣል እንዴ? ቁጥሩን ነው የገዙት ጣቢያውን? ሸገርም አንድ ቀን እንዲህ ሊሆን ነው?

መልስ፦ የመጨረሻውን ጥያቄህን ጠንቋይ ጠይቅ። የፊተኞቹን ልሞክር።

ቁጥሩ የማንም አይደለም። ሞገድ እንደ መሬት ነው፤ ሕጉ እንደ ውስን የአገር ሀብት ነው የሚያየው፣ ጣቢያው የሚያገኘው ለተወሰነ ዘመን የመጠቀም ፈቃድ ነው። ስለዚህ ድርጅት ሊሸጥ፣ አክሲዮን ከእጅ እጅ ሊገባ፣ ስም ሊቀየር ይችላል፤ 90.7 ግን እዚያው ተቀምጦ የሚመጣውን ይቀበላል። ለጣቢያውም ቢሆን ቁጥሩን ይዞ መቆየት ይጠቅመዋል። ታክሲው ውስጥ ያለው ሬዲዮ አንዴ እዚያ ላይ ተተክሏል፣ ሹፌሩ ስሙ ተቀየረ ብሎ አይነካውም። ሰው የሚለምደው ጣቱ የሚሄድበትን ቦታ ነው።

ታሪኩን በአጭሩ ልንገርህ፣ ምክንያቱም ለዚህ ዘመን ልጆች ኤፍኤም ድሮም የነበረ ይመስላቸዋል። አዲስ አበባ ላይ የመጀመሪያው ኤፍኤም 97.1 ነው፣ በ1992 ዓ.ም. ተጀመረ፣ የመንግሥት ነው። ከእሱ በፊት በ1987 ፋና ነበረ፣ በአጭርና በመካከለኛ ሞገድ፤ ያን ጊዜ ከገዢው ፓርቲ ከኢሕአዴግ ጋር የተያያዘ ነው፤ ወደ ኤፍኤም 98.1 የመጣው በኋላ ነው። የከተማው አስተዳደርም 96.3ን ከፈተ። የግል የሚባል ነገር ግን አልነበረም። ለመጀመሪያ ጊዜ ለግል የንግድ ሬዲዮ ፈቃድ የተሰጠው በ1998 ሲሆን ያገኙትም ሁለት ናቸው፤ ዛሚ አንዱ፣ ሌላው እነ መዓዛ ብሩ፣ እነ አበበ ባልቻና እነ ተፈሪ ዓለሙ ያሉበት አደይ ትንሣኤ፣ ማለትም ሸገር 102.1። ሸገር አየር ላይ የዋለው በ2000 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው፣ አዲሱ ሚሌኒየም ገና ሳይቀዘቅዝ። ያን ሰሞን ታክሲ ውስጥ የነበረ ያስታውሰዋል፤ በፊት ተሳፋሪ ለሹፌሩ «ድምፁን ቀንስልን» ነበር የሚለው፣ ከዚያ በኋላ «ጨምርልን» ማለት ተጀመረ።

ከሁለቱ አንዱ እስከ ዛሬ በስሙ አለ፣ ሌላው ስሙን ቀይሯል። ፈቃዱን የሚሰጠው መሥሪያ ቤት እንኳ ስሙን ቀይሯል! ድሮ ብሮድካስት ባለሥልጣን ነበር፣ ከ2013ቱ አዋጅ ቁጥር 1238 ወዲህ የመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ነው። አንድ ነገር ደግሞ እዚህ ላይ፦ በ1999 የወጣው አዋጅ ቁጥር 533 ለሃይማኖት ድርጅትና ለፖለቲካ ድርጅት የብሮድካስት ፈቃድ አይሰጥም ይል ነበር። የሰበታው አባት የጠየቁት ጣቢያ በዚያ አዋጅ ዘመን ቢያመለክት ኖሮ በሩ ላይ ይመለስ ነበር ማለት ነው። ንጉሡ የፈቀዱትን ሪፐብሊኩ ከለከለ፤ እኔ አስተያየት አልሰጥም፣ እናንተ ተከራከሩበት።

ጥያቄ፦ አንዳንድ ኤፍኤም ላይ ጠዋት ስለ እንግሊዝ ኳስ ይጮሃሉ፣ አራት ሰዓት ላይ ስለ ትዳር ምክር፣ ከሰዓት ስለ መኪና ዕቃ፣ ማታ ግጥም። አንድ ጣቢያ ነው ወይስ አሥር? ውጭ አገር ስኖር ዜና የሚያወራው ዜና ብቻ፣ ዘፈን የሚያጫውተው ዘፈን ብቻ ነበር። የእኛዎቹ ለምን መልክ የላቸውም?

መልስ፦ መልክማ አላቸው፣ የተከራይ ቤት መልክ። ትልቅ ግቢ ውስጥ ሰርቪስ ተከራይተው የሚኖሩ ሰዎች አይተሽ ታውቂያለሽ አይደል? አንዱ በሩን ሰማያዊ ቀብቷል፣ አንዷ አበባ ተክላለች፣ አንዱ ዶሮ ያረባል። አከራዩ በየወሩ ኪራዩ ከመጣለት የበሩ ቀለም አያስጨንቀውም። እንደዚያ ነው።

በእኛ አገር የአየር ሰዓት ይሸጣል። «ተባባሪ አዘጋጅ» ሲባል ሰምተሻል፤ የጣቢያው ተቀጣሪ አይደለም። በሳምንት ሁለት ሰዓት፣ ሦስት ሰዓት ከጣቢያው ይገዛል ወይም ገቢውን ተካፍሎ ይይዛል፣ ራሱ ያዘጋጃል፣ ስፖንሰሩንም ራሱ ፈልጎ ያመጣል። ለጣቢያው ይመቻል፣ ገንዘቡ አስቀድሞ ይገባለታል፣ የጋዜጠኛ ደመወዝም አይከፍልም። ለአድማጩ ግን አንቺ ያልሽው ነው የሚሆነው። ኳሱን ብሎ የከፈተ የመኪና ዕቃ ይሰማል። በጎ ጎኑንም ልናገር፤ ጣቢያ ለመክፈት ገንዘብ የሌለው ነገር ግን ጥሩ ሐሳብ ያለው ወጣት ወደ አየር የሚገባበት በር ይሄው ነው። ዛሬ አገር የሚያውቃቸው ብዙ ድምፆች እንዲህ ነው የጀመሩት።

እኔም በዚያ በር ገብቼ በዚያው በር ተገፍትሬያለሁ። የጣቢያውን ስም አልጠራም፣ ነገሩም ቆይቷል። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ሆነን ሐሙስ ማታ አንድ ሰዓት ያዝን። ስለ ከተማው የድሮ ሰፈሮች ነበር። ስፖንሰር ፍለጋ ደብዳቤ በፕላስቲክ ይዘን ስንት ቢሮ እንደዞርን እኛና ጫማችን ነን የምናውቀው፤ «የሳምንት ተመለሱ» የሚለው መልስ አንድ ሰው የሚሰጠው ይመስል የትም ቢሮ አንድ ዓይነት ነው። በመጨረሻ አንድ የቀለም ፋብሪካ እሺ አለን። ለሰባት ወር ሄደ። አድማጭ መጣልን፣ ሽማግሌዎች ስልክ እየደወሉ ያርሙናል፣ ያላወቅነውን ይነግሩናል፣ ከእኛ በላይ ፕሮግራሙን የሚሠሩት እነሱ ነበሩ ማለት ይቻላል።

አንድ ሐሙስ በፍላሽ የተሞላ ቅጂያችንን ይዘን ስንደርስ የበሩ ጥበቃ «አለቆቹ ተቀይረዋል» አለን። ውስጥ ስንገባ የማናውቀው ሰው ተቀምጧል። በጣም ትሑት ነው፣ ቡና አዘዘልን። ጣቢያው ከእንግዲህ «ወጣት ተኮር» እንደሚሆን፣ ሙዚቃ እንደሚበዛ፣ ወሬ እንደሚቀንስ አስረዳን። ውላችንስ? ውሉ ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈች አንዲት ዐረፍተ ነገር በጣቱ አሳየን፣ ጣቢያው «የፕሮግራም ለውጥ ሲያደርግ» ሰዓቱን መልሶ መውሰድ ይችላል የምትል። ፈርመንበታል። አላነበብነውም። አድማጭን ለመሰናበት አምስት ደቂቃ ስጡን አልን፣ «በጽሑፍ አመልክቱ» አለን።

በሳምንቱ በእኛ ሰዓት ዘፈን ሆነ። አንድ ሁልጊዜ የሚደውሉ የጉለሌ ሽማግሌ ቁጥሬን ከየት እንዳገኙት አላውቅም፣ ደውለው «ልጄ፣ ሞታችሁ ነው?» አሉኝ። አልሞትንም አባቴ፣ ፎርማት ተቀይሮ ነው ልበላቸው? «ትንሽ ዕረፍት ወጥተን ነው» አልኳቸው። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ መባረሩ አይደለም፣ ያቺ ውሸት ናት።

ስለዚህ ወደ ጥያቄሽ ስመለስ፣ አንድ ዓይነት መልክ ያለው ጣቢያ የሚኖረው ባለቤቱ ራሱ አዘጋጅ ቀጥሮ ሰዓቱን ሲይዝ ነው። ያ ደግሞ ወጪ ነው። እስከዚያው ከጣቢያው ይልቅ ፕሮግራሙን ተከተዪ፤ የወደድሽው አዘጋጅ አንድ ቀን ቁጥር ቀይሮ ሌላ ጣቢያ ላይ ታገኚዋለሽ።

ጥያቄ፦ የአባቴ የሆነ አሮጌ ፊሊፕስ ሬዲዮ ቤት ውስጥ አለ። ይሠራል፣ ይንሿሿል፣ ግን አንድም ኤፍኤም አይዝም። ሠሪ ቤት ወስጄው «ይሄ ለጌጥ ነው» አሉኝ። ልጣለው?

መልስ፦ እንዳትጥለው! ሠሪውንም ቀይር።

ኤፍኤም የማይዘው ተበላሽቶ አይደለም፣ ሲሠራም ኤፍኤም አልተደረገለትም። ፊት ለፊቱ ያለውን መስታወት አቧራውን ጥረግና አንብበው፤ «ኤምደብልዩ» እና «ኤስደብልዩ» የሚል ብቻ ካገኘህ መካከለኛና አጭር ሞገድ ነው። የኤፍኤም ሞገድ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄድ፣ ከተራራ ጀርባ ይቀራል፤ ለዚህ ነው የአዲስ አበባ ማሰራጫዎች እንደ ፉሪ ያለ ከፍታ የሚፈልጉት፣ አንተም ከከተማ ወጥተህ ስትርቅ የሚጠፋብህ። አጭር ሞገድ ግን ወደ ሰማይ ወጥቶ፣ ላይኛው አየር ላይ ነጥሮ፣ ሩቅ አገር ላይ ይወርዳል። በቀንና በማታ አወራረዱ ስለሚለያይ ነው አባትህም የሰበታው አባት አባትም ማታ ማታ የሚከፍቱት።

እንዲህ አድርግ። መጀመሪያ አዲስ ድንጋይ፣ ወይም በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ ከመሰካትህ በፊት ገመዱ እንዳልተላጠ እይ። ሦስት አራት ሜትር ተራ የኤሌክትሪክ ሽቦ ግዛና አንዱን ጫፍ ከአንቴናው ጋር አጣብቀህ ሌላውን በመስኮት አውጥተህ ቆጥ ነገር ላይ እሰረው፤ መብረቅ ባለበት ቀን ግን ንቀለው። ሞባይል ቻርጀርና ኤልኢዲ አምፖል አጠገቡ አይኑር፣ ከሁሉ በላይ የሚያንሿሹት እነሱ ናቸው። ከዚያ ፀሐይ ከገባች በኋላ ባለ 41 ሜትሩን ባንድ ያዝ፣ ከ7 ሜጋኸርዝ ትንሽ አለፍ አድርገህ በጣም ቀስ እያልክ አዙር። የኢትዮጵያ ሬዲዮ ከገጃ ለረጅም ዓመታት ሲሰማ የኖረው እዚያ አካባቢ 7110 ኪሎኸርዝ ላይ ነው። የመርፌው ስፋት ራሱ አሥር ጣቢያ ይሸፍናልና አትቸኩል።

የያዝከውን ጻፍልኝ። ሠሪው ቤትም ስትመለስ ድምፁን ከፍተህ በሩ ላይ እለፍ።